ቫይረስን የሚዋጋውን ፕሮቲን ሐኪም ለምን ያፍነዋል?

የተጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። በኮቪድ ጊዜ አጎቴ ጠንቶበት ኦክስጅን ላይ ሳለ ዴክሳሜታሶን ሰጡትና ተሻለው፣ ዛሬ ደህና ነው። እኔ ግን የተማርኩት ዴክሳሜታሶን በሽታ የመከላከል አቅምን እንደሚያዳክም ነው። ቫይረስ የሚከላከሉልን ኢንተርፌሮንና ሳይቶካይን የሚባሉት ፕሮቲኖች ከሆኑ፣ እነሱን የሚያፍን መድኃኒት እንዴት ሰው ያድናል? ደግሞ ደንበኞች በየቀኑ ‹ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነገር ስጪኝ› ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ የማስተምረውም የምመራመረውም በዚሁ ጉዳይ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። አጭሩን መልስ ግን ከፊት ላስቀምጠው። ጉዳዩ የሰዓት ጉዳይ ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ቫይረሱ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት፣ እዚያው በገባበት ቦታ ከተነሱ ያድናሉ። ዘግይተው ከመጡና መላ ሰውነትን ካጥለቀለቁ ይጎዳሉ። አጎትሽ ዴክሳሜታሶን ያገኘው ነገሩ ሁለተኛው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ትንፋሹ ደህና ሳለ ቢሰጡት ኖሮ ጥቅም ባላገኘበት ነበር። ቁጥሩን ወደ ታች አመጣልሻለሁ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ የእኛ ሲሆን እነግርሻለሁ።

አንድ ሴል ቫይረስ እንደገባበት እንዴት ያውቃል? ከዚህ እንነሳ። ቫይረስ ማለት በፕሮቲን የተጠቀለለ ትንሽ ዲ.ኤን.ኤ ወይም አር.ኤን.ኤ ነው፤ አንዳንዱ ከላይ የቅባት ሽፋን ይደርባል። የተሠራበት ነገር ሁሉ እኛም ዘንድ አለ። ስለዚህ ሴሉ የሚፈልገው ያለቦታው የተገኘ ወይም ቅርጹ ከእኛ የተለየ ነገር ነው። ዲ.ኤን.ኤያችን የሚቀመጠው በኒውክለስ፣ በሴሉ እምብርት ውስጥ ነው፤ ትንሽ ደግሞ ለሴሉ ኃይል በሚያመነጨው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ አለ። ከእነዚህ ውጭ በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ ከተገኘ የሆነ ችግር አለ ማለት ነው። ይሄንን የሚይዘው ሲጋስ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በቴክሳስ የሚሠራው የዚጂያን ቼን ቡድን 2013 ላይ ነው ያገኘው። አር.ኤን.ኤ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የራሳችን አር.ኤን.ኤም በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ሞልቷል። ስለዚህ ሴሉ ጫፉን ያያል። የእኛ መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ ጫፉ ላይ ቆብ አለው። እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያሉ ብዙ ቫይረሶች አር.ኤን.ኤያቸውን ሲያባዙ ግን ጫፉ ላይ ሦስት ፎስፌት ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ቆብ የለም። ሪግ-አይ የሚባለው ፕሮቲን ይሄንን ባዶ ጫፍ እየፈለገ ይይዛል። ሪግ-አይ የቫይረስ አር.ኤን.ኤ ጠቋሚ መሆኑን የጃፓኑ ታካሺ ፉጂታ ቡድን ያሳየው 2004 ላይ ነው፤ ባዶውን ጫፍ እንደሚይዝ ግን የታወቀው 2006 ላይ፣ በሌሎች ቡድኖች ሥራ ነው።

ሪግ-አይ ቫይረሱን እንደያዘ ቅርጹ ይለወጣል፤ ከዚያ ማይቶኮንድሪያ ላይ የተተከለውን ማቭስ የሚባል ፕሮቲን ይነካል። ማቭስ እስከዛሬ ይገርመኛል። አንዱ ሲነቃ አጠገቡ ያለውን ያነቃል፣ ያኛውም ቀጣዩን፣ እየተያያዙ ረጅም ክር ይሠሩና ጥቂት የቫይረስ አር.ኤን.ኤ የቀሰቀሰው ትንሽ ምልክት ወዲያው ግዙፍ ይሆናል። በዚህ ክር ላይ ቲቢኬ-1 የሚባል ኢንዛይም ይነቃና አይአርኤፍ-3 በሚባለው ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ፎስፌት መለጠፍ በእኛ ሙያ ደጋግመሽ የምትሰሚው ነገር ነው፦ የተለጠፈበት ፕሮቲን ይነቃል፣ ቅርጹን ይለውጣል፣ ቦታ ይቀይራል። በሴል ውስጥ መልእክት በአብዛኛው የሚሄደው እንዲህ ነው። አይአርኤፍ-3 ወደ ኒውክለስ ገብቶ የኢንተርፌሮንን ጂን ያስነሳል።

እዚህ ጋ መንገዱ ለሁለት እንደሚከፈል ልብ በይ፣ የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ነው። ያው ማቭስ ከአይአርኤፍ-3 ሌላ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የሚባል ፕሮቲንም ያስነሳል። እሱ የሚያስነሳቸው ጂኖች ደግሞ የብግነት ሳይቶካይኖችን ያመርታሉ፤ ሳይቶካይን ሴሎች እርስ በርስ መልእክት የሚላላኩበት ፕሮቲን ነው፣ ብግነት ደግሞ የተጎዳ ቦታ ሲቀላ፣ ሲያብጥና ሲግል የምናየው ነገር፦ ኢንተርሊውኪን-6፣ ቲኤንኤፍ፣ ነጭ የደም ሴሎችን የሚጠሩ ኬሞካይኖችም አሉበት። በአንድ በኩል ኢንተርፌሮን፣ በሌላ በኩል ብግነት። ሁለቱ አብረው ይነሳሉ፣ ግን ሁልጊዜ እኩል አይነሱም፣ እኩልም አያበቁም።

ኢንተርፌሮን ራሱ ቫይረስ አይገድልም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይደናገራል። ሌሊት ሌባ የገባበት ቤት እሪ ሲል ጎረቤት በሩን እንደሚቀረቅር፣ ዱላውን እንደሚያነሳ አስቢው፤ ኢንተርፌሮን እሪታው ነው። የጮኸው ሴል ራሱ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። የሚተርፉት የሰሙት ናቸው።

ይሄ በመጀመሪያ የታየው በዶሮ እንቁላል ነው። አሊክ አይዛክስና ስዊዘርላንዳዊው ዣን ሊንደንማን 1957 ላይ ለንደን ሚል ሂል በሚገኘው የሕክምና ምርምር ተቋም፣ በሙቀት የሞተ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከእንቁላል ሽፋን ቁራጭ ጋር አቆዩ። ከዚያ ፈሳሹን ወስደው ሌላ፣ ቫይረስ አይቶ በማያውቅ ሽፋን ላይ አደረጉት። አዲሱ ሽፋን ሕያው ቫይረስ ሲመጣበት አልበገር አለ። ፈሳሹ ውስጥ የነበረው ኢንተርፌሮን ነው። ከእነሱ ቀደም ብሎ 1954 ላይ ጃፓናውያኑ ናጋኖና ኮጂማ ተመሳሳይ ነገር በጥንቸል ቆዳ ላይ አይተው ጽፈዋል፤ ስማቸው እምብዛም አለመነሳቱ አግባብ አይመስለኝም።

የሰማው ሴል ምን ያደርጋል? ሽፋኑ ላይ የኢንተርፌሮን ተቀባይ አለው። ተቀባዩ ሥር ጃክ-1 እና ቲክ-2 የሚባሉ ሁለት ኢንዛይሞች ተጣብቀው ይጠብቃሉ። ኢንተርፌሮን ሲደርስ ሁለቱ ይነቃሉ፣ ስታት-1 እና ስታት-2 ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። ሁለቱ ስታቶች ከአይአርኤፍ-9 ጋር ተጣምረው ወደ ኒውክለስ ይገቡና በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖችን በአንዴ ያስነሳሉ። መንገዱን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈቱት በኒውዮርክ የጄምስ ዳርኔል፣ በለንደን የጆርጅ ስታርክና የኢያን ከር ቡድኖች ናቸው። ከሚነሱት ጂኖች አንዱ ፒኬአር ነው፤ ሴሉ ውስጥ ድርብ አር.ኤን.ኤ ካየ የፕሮቲን ምርቱን ያቆመዋል፣ ቫይረሱም የሚሠራለት ያጣል። አርኤንኤዝ-ኤል የሚባለው አር.ኤን.ኤን ይቆራርጣል። ኤምኤክስ-ኤ ደግሞ የኢንፍሉዌንዛን የመባዛት ሥራ ያግዳል። ይሄ ሁሉ መሣሪያ ቫይረሱ ሳይደርስ ነው የሚዘጋጀው። ቫይረሱ አስቀድሞ ሴሉን ከያዘው በኋላ የሚመጣ ኢንተርፌሮን ጥቅሙ በጣም ያነሰ ነው።

እነዚህ ፕሮቲኖች ምን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ ለማወቅ ቫይረሶች ራሳቸው የሚያጠቁትን ቦታ ማየት ይበቃል። ከላይ የዘረዘርኩልሽ ደረጃ አብዛኛው የሚያሰናክለው ቫይረስ አለው። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ የራሱን ፕሮቲን በሚቆርጥበት መቀስ ማቭስንም ቆርጦ ከማይቶኮንድሪያ ይጥለዋል። የኮቪድ ቫይረስ ኦአርኤፍ-6 በሚባል ፕሮቲኑ ወደ ኒውክለስ የሚያስገባውን በር ይዘጋል፤ ኤንኤስፒ-1 በሚባለው ደግሞ የሴሉን ፕሮቲን የማምረት ሥራ ያዳክማል፣ ስለዚህ የኢንተርፌሮን ጂን ቢነሳ እንኳ ፕሮቲኑ በበቂ አይመረትም።

ወደ አገራችን ልምጣ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ መገኘቱ ሲነገር ብዙ ሰው ይሄ በሽታ ለምን እንዲህ ገዳይ ሆነ ብሎ ጠይቋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ ግን ትልቁ ክፍል እዚሁ ነው። ማርበርግ ቪፒ-40 በሚባል ፕሮቲኑ ጃክ-1 እንዳይነቃ ያደርጋል። የሰማው ሴል እሪታው ቢደርሰውም መልእክቱ ከተቀባዩ አያልፍም። ዘመዱ ኢቦላ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ቪፒ-24 በሚባል ፕሮቲን ስታት-1 ወደ ኒውክለስ እንዳይገባ ይከለክላል። ሁለቱም ደግሞ ቪፒ-35 አላቸው፣ አር.ኤን.ኤያቸውን ሸፍኖ ከሪግ-አይ የሚሰውር። እንግዲህ አስቢው፦ ማወቂያው ታውሯል፣ መስሚያው ተዘግቷል። ቫይረሱ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ከልካይ ይባዛል፤ የብግነቱ ወገን ሲነሳ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ በዝቶ ነው የሚጠብቀው።

ቢጫ ወባም እንዲሁ ነው። ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና አካባቢው የተነሳው ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ወደ 100,000 ሰው እንደታመመ፣ ወደ 30,000 እንደሞተ ይገመታል። የቢጫ ወባ ቫይረስ ኤንኤስ-5 የሚባለው ፕሮቲኑ ስታት-2ን ይይዛል። ስታት-2 ከተያዘ እነዚያ በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖች አይነሱም።

የማርበርግ ተሸካሚ የሆነው የግብፅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ ግን ቫይረሱን ይዞ ሳይታመም ይኖራል። ለእኔ ከዚህ ሙያ ትምህርቶች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። የሌሊት ወፎች ብግነትን ልጓም የሚያስይዙ ለውጦች በዘራቸው አሏቸው፤ ለምሳሌ ስቲንግ የሚባለው፣ ከሲጋስ ቀጥሎ የሚመጣው ፕሮቲን፣ በተመረመሩ ብዙ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች አንድ ቦታ ላይ ተለውጦ ምልክቱ ቀዝቅዟል። በአንዳንዶቹ ደግሞ ኢንተርፌሮን ቫይረስ ሳይመጣም በትንሹ ሲሠራ ይገኛል። ቫይረሱን አያጠፉትም፤ ግን ከልክ በላይ እንዲበዛም አይፈቅዱለትም፣ ራሳቸውንም አያቃጥሉም።

የእኛ ሰውነትስ? አብዛኛው ሰው ኢንተርፌሮኑ በሰዓቱ ይነሳል፣ ጉንፋኑም ኮቪዱም ጥቂት ቀን አስተኝቶት ያልፋል። የማይነሳላቸው ሰዎች ግን አሉ፤ ይሄንን በግልጽ ያሳየን ኮቪድ ነው። በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲና በፓሪስ የሚሠራው ዣን-ሎረን ካዛኖቫ ከብዙ አገር ባልደረቦቹ ጋር 2020 ላይ ለሕይወት አስጊ ኮቪድ የያዛቸውን 987 ሰዎች ደም መረመሩ። 101 ሰዎች ዘንድ የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ ተገኘ። ከ101ዱ 95ቱ ወንዶች ናቸው። ኮቪድ ይዟቸው ያልታመሙ ወይም በቀላሉ ያለፈላቸው 663 ሰዎች ሲመረመሩ አንድም አልተገኘም። ከወረርሽኙ በፊት ከጤነኛ ሰዎች በተወሰደ 1,227 ናሙና ውስጥ የተገኘው በ4 ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር አንቲቦዲው ኮቪድ ከመምጣቱ በፊት እዚያው ነበር፣ ማንም አያውቀውም፣ ሰውየውም ጤነኛ ነበር፤ ቫይረሱ ሲመጣ እሪታው ከአፍ ሳይወጣ ታፈነ። በኋላ በተሠሩ ጥናቶች ይሄ አንቲቦዲ ኮቪድ ከገደላቸው ሰዎች ከአምስቱ ወደ አንዱ በሚጠጉት ላይ ተገኝቷል፣ ከ70 ዓመት በኋላም እየበዛ እንደሚሄድ ታውቋል። አዛውንቶች ለምን ይበልጥ ተጎዱ ለሚለው ትልቅ ከፊል መልስ ነው። ሌሎች ደግሞ ከውልደት የጂን ጉድለት ያለባቸው ናቸው፦ ከኢንተርፌሮን ተቀባዩ ወይም ቲኤልአር-7 ከሚባለው ሌላ የቫይረስ ጠቋሚ ጋር የተያያዘ። የቲኤልአር-7 ጂን ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ፣ ወንድ ደግሞ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው፣ ጉድለቱ በብዛት የሚጎዳው ወጣት ወንዶችን ነው። «ጠንካራ ስፖርተኛ ነበር፣ እንዴት ኮቪድ ገደለው?» የሚባሉት አንዳንዶቹ እነዚህ ናቸው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። የቢጫ ወባ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ እጅግ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ከባድ ሕመም አምጥቷል። እንዲህ ከታመሙት 8 ሰዎች ሲመረመሩ በ3ቱ ይኸው ኢንተርፌሮንን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ ተገኝቷል። ይሄንን የምነግርሽ ክትባቱን እንድትፈሪ አይደለም፣ ከአንድ ክትባት ዕድሜ ልክ ጥበቃ የሚሰጥ ድንቅ ክትባት ነው። የተዳከመ ቫይረስ እንኳ ያለ ኢንተርፌሮን ምን ሊያደርግ እንደሚችል እንድታዪ ነው።

አሁን ወደ አጎትሽ። ኢንተርፌሮኑ በዘገየ ሰው ቫይረሱ ቀናት ያገኛል፣ ይባዛል፣ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይወርዳል። የብግነት ወገኑ ግን አልተኛም። የሞቱ ሴሎች በበዙ ቁጥር ማክሮፋጆች የሚባሉት፣ ቆሻሻ የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች ይነቃሉ፣ ኢንተርሊውኪን-6 ይረጫሉ፣ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ፣ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያፈሳሉ፣ የአየር ከረጢቶች ይሞላሉ። በዚህ ጊዜ ሰውየውን የሚገድለው በአብዛኛው የቫይረሱ ብዛት ሳይሆን መቆም ያቃተው መልእክት ነው። ዴክሳሜታሶን ሴል ውስጥ ገብቶ የኤንኤፍ-ካፓ-ቢን ጂኖች ዝም ያሰኛል። ለዚህ ነው የሠራው።

ቁጥሩ ይኸውልሽ። በ2020 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በመራው ሪከቨሪ በተባለው ጥናት 2,104 ሕሙማን ዴክሳሜታሶን አገኙ፣ 4,321 ደግሞ የተለመደውን ሕክምና ብቻ። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ዴክሳሜታሶን ካገኙት 29.3 በመቶ፣ ካላገኙት 41.4 በመቶ ነው። ማሽን ሳይሆን ኦክስጅን ብቻ ከሚያገኙት 23.3 በመቶ እና 26.2 በመቶ። ኦክስጅን ከማያስፈልጋቸው ግን መድኃኒቱን ካገኙት 17.8 በመቶ፣ ካላገኙት 14.0 በመቶ ሞቱ። የመጨረሻው ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው፣ ነገር ግን ጥቅም እንደሌለው፣ አቅጣጫውም ወደ ጉዳት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው። አንድ መድኃኒት፣ አንድ ቫይረስ፣ ያው መጠን፤ የተለየው በሽታው የደረሰበት ደረጃ ነው።

ባሪሲቲኒብ ደግሞ ቀጥታ ከላይ የነገርኩሽን ጃክ የሚዘጋ ክኒን ነው፣ መጀመሪያ ለመገጣጠሚያ ብግነት የተሠራ። የዓለም ጤና ድርጅት ጥር 2022 ላይ ለከባድ ኮቪድ በጥብቅ መክሮታል። ማርበርግ እኛን ለመጉዳት የሚዘጋውን ፕሮቲን ሐኪሙ ሰው ለማዳን ይዘጋዋል፤ እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ይጮሁብኛል። ማርበርግ በመጀመሪያው ሰዓት ነው የሚዘጋው። ሐኪሙ በመጨረሻው።

ተቃራኒውም ተሞክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ሶሊዳሪቲ በተባለው ጥናቱ ሆስፒታል ለተኙ ሰዎች ኢንተርፌሮን ቤታ ሰጥቶ አንዳች ጥቅም አላገኘበትም። ዘግይቷል። 2023 ላይ የታተመ፣ በብራዚልና በካናዳ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ኢንተርፌሮን ላምዳን፣ በዋናነት የመተንፈሻ አካልና የአንጀት ሽፋን ሴሎች የሚሰሙትን ዓይነት፣ ምልክት ከጀመራቸው በ7 ቀን ውስጥ ላሉ ሰዎች አንድ መርፌ ሰጠ። ሆስፒታል መተኛት ወይም ድንገተኛ ክፍል ረጅም ሰዓት መቆየት 5.6 በመቶ ከነበረበት ወደ 2.7 በመቶ ወረደ። በሰዓቱ ሲመጣ፣ በቦታው ሲመጣ ይሠራል።

እንግዲህ «ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ስጪኝ» ለሚሉሽ። መጀመሪያ ኢሚዩኒቲ በእርግጥ ሲጨመር ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ለብዙ ዓመት አድርገነዋል። ከ1991 ጀምሮ የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ኢንተርፌሮን በመርፌ ይወስዱ ነበር፣ ብዙዎቹ ለ48 ሳምንት። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የአጥንት ቁርጥማት፣ ምግብ መጥላት፣ ክብደት መቀነስ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከባድ ድብርት። ኢንፍሉዌንዛ ሳይዛቸው ኢንፍሉዌንዛ እንደያዘው ሰው ከረሙ። ሰው ጉንፋን ሲይዘው «ቫይረሱ ቆረጣጠመኝ» ይላል፤ የሚቆረጣጥመው በአብዛኛው የራሱ መልእክት ነው። ትኩሳቱም እንዲሁ፦ ኢንተርሊውኪን-1፣ ኢንተርሊውኪን-6 እና ቲኤንኤፍ አንጎል ውስጥ ፕሮስታግላንዲን ያስመርታሉ፣ የሰውነት ሙቀት ከፍ ይላል። አንቺ የምትሸጪው ፓራሲታሞል ያንን ፕሮስታግላንዲን ነው የሚቀንሰው። ከ2013 በኋላ ሶፎስቡቪር መጣና ሄፓታይተስ ሲ በክኒን የሚድን ሆነ፣ ያ ሁሉ ስቃይ ቀረ፣ እሰይ።

ኢንተርፌሮኑ ዕድሜ ልክ ከፍ ብሎ የሚኖር ሰውም አለ። ሉፐስ የሚባለው፣ የመከላከል አቅም የራስን ሰውነት የሚያጠቃበት በሽታ ያለባቸው ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ 2021 ላይ በአሜሪካ የተፈቀደው አኒፍሮሉማብ የሚባል መድኃኒት ሥራው የኢንተርፌሮን ተቀባዩን መዝጋት ነው። ስለዚህ «መጨመር» የሚለው ሐሳብ ራሱ የተሳሳተ ነው። መልእክቱ ሲያስፈልግ ፈጥኖ እንዲነሳ፣ ሥራው ሲያልቅ እንዲቆም ነው የምንፈልገው። በመደርደሪያሽ ላይ ካሉት የ«ኢሚዩን ቡስተር» ብልቃጦች ይሄንን የሚያደርግ የለም። ዚንክም ቫይታሚን ዲም የጎደለው ሰው ቢወስደው ይጠቅመዋል፤ ያልጎደለው ሰው በላዩ ላይ ቢጨምርበት ኢንተርፌሮኑ አይፈጥንለትም። ዝንጅብል በማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ… ጉሮሮን ያለሰልሳሉ ወይም ሰውየውን ቀለል ይለዋል ካሉሽ አትከራከሪ፣ እኔም ትኩስ ነገር እወዳለሁ። ብቻ ሰው እሱን ይዞ ሐኪም ጋ መሄዱን እንዳያዘገይ።

በሰዓቱ መነሳትን በእውነት የሚያስተምር ነገር ካለ ክትባት ነው። ክትባቱ ራሱ በእነዚሁ ፕሮቲኖች ነው የሚሠራው፤ ክንድ ላይ የሚሰማው ሕመምና የማግስቱ ትኩሳት ከዚያ ይመጣል። የኮቪድ የኤም-አር.ኤን.ኤ ክትባት የተቻለውም ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን 2005 ላይ የአር.ኤን.ኤውን አንድ ፊደል ለውጠው የሴሉ ጠቋሚዎች ከልክ በላይ እንዳይጮኹበት ስላደረጉ ነው። ጩኸቱ ሲበዛ ሴሉ የፕሮቲን ምርቱን ያቆማል፣ ክትባቱም ሳይነበብ ይቀራል። ለዚህ ሥራ 2023 ላይ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ለሥራሽ የሚሆን ነገር ደግሞ ይሄ ነው። «ጉንፋን ያዘኝ፣ ዴክሳ ስጪኝ» ብሎ በሁለተኛው ቀን የሚመጣ ሰው ካለ፣ እባክሽ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጪው። የሚሻለው ይመስለዋል፣ ትኩሳቱም ይወርዳል፣ ሕመሙም ይቀንሳል፤ ግን ኢንተርፌሮኑ መሥራት ባለበት ሰዓት ላይ ነው ያፈንሽበት። አንቲባዮቲክም በቫይረሱ ላይ ምንም አያደርግም። ፓራሲታሞል በልኩ፣ ፈሳሽ፣ ዕረፍት። ስንት ቀን እንደሆነው ጠይቂው። ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋባ፣ ወይም ተሽሎት ከቆየ በኋላ እንደገና ከባሰበት፣ በተለይ የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ፣ ያኔ ወደ ሆስፒታል ላኪው፤ ዴክሳሜታሶን የሚሰጥበት ሰዓት ደርሶ እንደሆነ እዚያ ኦክስጅኑን ለክተው ይወስናሉ። አንድ ሰው ግን ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም በሐኪም ታዞለት የዴክሳሜታሶን ዘመድ የሆነውን ፕሬድኒሶሎን ለወራት ሲወስድ ከቆየ፣ ይሄን አንብቦ ወይም ከአንቺ ሰምቶ በራሱ እንዳያቋርጥ ንገሪው፤ በድንገት ሲቋረጥ አድሬናል ዕጢው የራሱን ኮርቲሶል ለማምረት ጊዜ ስለሚፈልግ ሰውየው ሊወድቅ ይችላል፣ መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንስለት ያዘዘለት ሐኪም ነው።